ከመርዶ የሸሸችው ጀልባ

ቺፍ መሞቱን የሰማሁት ካምደን ውስጥ፣ ቢጫ መስመር ላይ በቆመ ቫን መስታወት ላይ የቅጣት ወረቀት ስለጥፍ ነው። የደወለልኝ የጀልባ ጎረቤቱ የነበረ እንግሊዛዊ ነው። ቺፍ ጀልባ የሚያልፍበትን የካናሉን የእንጨት በር በጀርባው እየገፋ ሳለ ድንገት እንደወደቀ፣ አምቡላንስ ቶሎ ቢደርስም ሊያተርፉት እንዳልቻሉ ነገረኝ። ሚስቱ ስልኳን ስላላነሳች ነው እኔን የፈለገኝ። ባለቫኑ ሮጦ መጥቶ ሊጨቃጨቀኝ ሲጀምር ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ ላጥኩና «ሂድ» አልኩት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የማርኩት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ እዚያው አስፋልት ዳር ቆሜ ለሚስቱ ለወይንሸት ደወልኩ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሥራ ላይ ስልክ አይፈቀድላቸውም። ደጋግሜ ሞክሬ አነሳች። «ወይንሸት፣ ቺፍ ሞቷል» አልኳት። እንዲሁ፣ በአንድ ትንፋሽ። «የት ነው ያለው?» አለችኝ። ነገርኳት። «መጣሁ። ደግ አደረግህ» ብላ ዘጋችው።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ተነሳብኝ። አንድ የዕድራችን ሽማግሌ በሰው መሀል «መርዶ እንደ ፒዛ በስልክ የሚላክ ነገር ነው? ምን ዓይነት አሳዳጊ የበደለህ ሰው ነህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በኛ ወግ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ባለሐዘኑ እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌና ወዳጅ ተሰብስቦ ሄዶ፣ በግራ በቀኝ ደግፎ የሚይዝ ሰው አዘጋጅቶ። ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ሲወርድብኝ እማማ ጥሩወርቅ ብቻ ናቸው ምንም ያልተናገሩኝ። እሳቸው ቀደም ሲል፣ በአንድ የበረዶ ጠዋት፣ ካናሉ ዳር ከኛ ጋር ነበሩ።

የቺፍ ትክክለኛ ስሙ መብራህቱ ነው። ምጽዋ ተወልዶ፣ በአማርኛ ተምሮ፣ ገና በልጅነቱ ባሕር ኃይል ገብቶ፣ መንግሥት ሲለወጥ በመርከብ ወደ የመን ከተሻገሩት አንዱ ነበር። ቺፍ የሚለው ማዕረግ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። እውነት ቺፍ ይሁን ተራ መርከበኛ ማንም አላጣራም። እሱም ሲጠየቅ «ደሞዙ ቀረብኝ፤ ስሙም ይቅርብኝ?» ይል ነበር።

እኔ ያወቅሁት በወይንሸት በኩል ነው። እሷና እኔ የደብረ ዘይት ልጆች ነን፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ሲታመስ እንደ ብዙው ወጣት እኔም ወጣሁና ለንደን ስገባ ኪሴ ውስጥ የነበረው የሰው ስልክ የሷ ብቻ ነበር። «ሃክኒ ና። ከድልድዩ ስር ስትወርድ ቤታችንን ታገኘዋለህ» አለችኝ። ወረድኩ። ቤት የሚባል ነገር የለም። ውሃ፣ ዳክዬና የተደረደረ ጀልባ ብቻ። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል ከአንዲት ነጭ ጀልባ የሽሮ ሽታ መጣ። ጎንበስ ብዬ ልገባ ስሞክር ግንባሬን ከአንድ ረጅም እንጨት ጋር አጋጨሁት።

«መጀመሪያ እሱን እጅ ንሳ! ከኔ በላይ ሹም ነው» አለኝ አንድ ድምፅ ከውስጥ። ቺፍ ነበር።

እንጨቱ የጀልባዋ ምሰሶ ነው። ጀልባዋ የሸራ ጀልባ ናት፤ ለነፋስና ለባሕር የተሠራች። የለንደን ካናል ድልድዮች ግን ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ምሰሶዋ ተነቅሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጋድሞ ነው የሚኖረው። ሸራው ደግሞ ተጣጥፎ የልጃቸው የናርዶስ ፍራሽ ሆኗል። ቺፍ በየዓመቱ ሰመር ሲመጣ ምሰሶውን አቁሞ፣ በቴምዝ ወርዶ፣ ባሕር እንደሚገባ ይምል ነበር። ወይንሸት «ሳያገባኝም ይምል ነበር» ትላለች።

በካናሉ ሕግ ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ አንድ ቦታ ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆም አይችልም። ለሌላው ሰው ይህ ጭንቅ ነው፤ ለቺፍ ግን ጸጋ ነበር። ከብረት ምድጃቸው በላይ ገመድ ሰቅሎ በየጠዋቱ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል፤ አሥራ አራት ሲሞላ ፈትቶ ይነሳል። እኔ ግን አሥራ አራት ሲሞላ አይቼ አላውቅም። ዘጠነኛው፣ አሥረኛው ላይ እግሩን ይበላዋል። ሻይ የሚጠጣው ቆሞ ነው። ከጀልባዋ አፍንጫ እስከ መሪዋ ስድስት እርምጃ ይሄዳል፣ ስድስት ይመለሳል። ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ ቀስሮ ነፋስ ይለካል፤ ሞተር ባለው ጀልባ፣ ያውም ካናል ላይ፣ ነፋስ ምን እንደሚያደርግለት እንጃ። «መልሕቅ የሚጣለው ሊነሳ ነው» ይላል፤ ሰው ሲጋባ፣ ሰው ሥራ ሲይዝ፣ ሰው ቤት ሲገዛ፣ ለሁሉም የሚናገራት አንዲት ነገር ናት። ኑሮው የሰው ጀልባ ሞተር መጠገን ነበር። የኔን ሥራ ሲሰማ ከት ብሎ ስቆ «አንተ የቆመውን ትቀጣለህ፤ እኔ እንዳልቀጣ እሄዳለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ነን!» አለኝ።

ወይንሸት ደግሞ የተቀመጠችበት ሥር የምታበቅል ሴት ናት። ጀልባዋ በቆመችበት ሁሉ በሁለተኛው ቀን የሰፈሩን ዳቦ ሻጭ፣ የሰፈሩን ውሻና የሰፈሩን ሐሜት ታውቃለች። ካውንስሉ ለሚያከራየው የመንግሥት ቤት አፕላይ ካደረገች ዓመታት አልፈዋል። «አንድ ቀን ደብዳቤው ይመጣል፤ እኛ ግን የት እንዳለን ፖስተኛው አያውቅም» እያለች ትስቃለች። እኔ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እየደወልኩ የት እንዳሉ ጠይቄ እሄድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጀልባዋን አልወዳትም፤ እርጥብ ናት፣ ጣሪያዋ ያልባል፣ ሽንት ቤቷ ስሙ አይጠራም። ሰዎቹን ግን እወዳለሁ።

ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ናርዶስ ስምንት ዓመቷ ነው። ከሷ በኋላ አንድ ጽንስ ወርዶባቸው፣ ከዚያ ለዓመታት ምንም አልነበረም። ያን ዓመት ኅዳር ላይ ግን ወይንሸት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቺፍ ሆዷን እያየ ሰው ይረሳል። ለሕፃኑ አልጋ ሊሠራ እንጨት ሲልግ ጣቱን ቆርጦ እንኳን ይስቅ ነበር።

የወይንሸት ታናሽ እህት ጽጌ ከደብረ ዘይት የደወለችልኝ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። «እማዬ አረፈች። ትናንት ቀበርናት። ለባሏ ንገርልኝ፤ እንዴት እንደሚያደርግ እሱ ያውቃል» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። በልጅነቴ ከአጥራቸው የዘይቱን ፍሬ ስሰርቅ እያዩ እንዳላዩ የሚያልፉኝ ሴት ነበሩ። ቺፍም በጣም ይወዳቸው ነበር። በአካል ተያይተው አያውቁም፤ ግን ወይንሸት እሁድ እሁድ ስትደውል ስልኩን ከእጇ ነጥቆ ከሷ በላይ የሚያወራው እሱ ነው። ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ስለሞተችበት እሳቸውን እማዬ ነበር የሚላቸው።

ጀልባዋ ያን ሳምንት ካምደን ነበረች። ሎክ የሚሉት ቦታ ላይ፣ ውሃው በሁለት የእንጨት በሮች መካከል ተይዞ ጀልባ ወደ ላይ የሚያነሳበትና ወደ ታች የሚያወርድበት፣ ቺፍ የሌላ ሰው ጀልባ ሊያሳልፍ በእጁ የሚይዘውን የብረት መዘውር ሰክቶ ሲያዞር አገኘሁት። ፈረንጆች ቆመው ፎቶ ያነሳሉ። ጆሮው ላይ ተጠግቼ ነገርኩት። መዘውሩን ማዞሩን አላቋረጠም። ውሃው እየጮኸ ወረደ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጀልባው አለፈ፤ ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ።

«ማን ማን ያውቃል?»

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው አንተና እኔ ብቻ ሆነን እንቀራለን። እስክትወልድ ድረስ።»

«ቺፍ፣ እናቷ ናት እኮ።»

«ወንድሟ የሞተ ጊዜ ማን የነገራት ይመስልሃል?» አለኝ። «እኔ ነኝ። ሽማግሌ አልጠበቅሁም፣ ማለዳ አልጠበቅሁም። ወታደር ነኝ፣ እንደ ወታደር ፊት ለፊት እነግራታለሁ ብዬ። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በሳምንቱ ወረደ።»

«ሐኪሙ ከመርዶው ጋር አይገናኝም ብሏችሁ የለ? ወይንሸት ራሷ ነግራኛለች።»

«ሐኪሙ ስነግራት አልነበረም። ፊቷን ያየሁት እኔ ነኝ።»

ነፍሰ ጡር መርዶ እንደማይነገራት አገር ያውቃል። «ከወለደች በኋላስ፣ አራስም እኮ አይነገራትም» አልኩት፣ ለመቀለድ ያህል። እሱ አልሳቀም። «የካቲት ትወልዳለች። ከዚያ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። በእናቴ ነፍስ» አለና መዘውሩን ነቅሎ ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ምስጢሩን ያዝኩለት።

ለጽጌም ደውዬ እንድትደብቅ አስማማኋት፤ ለሁለት ሳምንት ተሳካልን። እሁድ ሲደወል ጽጌ እያነባች «እማዬ ጸበል ሄዳለች» ትላለች፤ በሚቀጥለው እሁድ «ጸበሉ ረዘመ»። ወይንሸት «ጤናዋን ታገኛለች፣ ጥሩ ነው» ትላለች። ነገር ግን የደብረ ዘይት ሰው ለንደን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ አይደለንም። አንድ ቀን ፊንስበሪ ፓርክ ያሉት እማማ ጥሩወርቅ ደወሉልኝ። የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለንደን ውስጥ ያልቀበሩት ሐበሻ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ልጄ፣ የወይንሸት እናት ማረፋቸውን ሰማን። አንተም ሰምተሃል አሉ።»

«ሰምቻለሁ እማማ።»

«ታዲያ ልጅቷ እናቷን ሳታለቅስ አርባዋ ሊወጣ ነው? እኛ ሰው አይደለንም?»

«ነፍሰ ጡር ናት እኮ እማማ።»

«ስድስት ወር ሰባት ወር የሆነው ጸንቷል። እኔ ራሴ የስምንት ወር እርጉዝ ሆኜ የአባቴን መርዶ ሰምቼ ልጄ ይኸው ዶክተር ሆኗል። ቅዳሜ ማለዳ እንሄዳለን። ጀልባዋ የት ናት?»

ለእማማ ጥሩወርቅ መዋሸት አልችልም። ቪክቶሪያ ፓርክ አጠገብ ናት አልኳቸው። ስልኩን እንደዘጋሁ ደግሞ ለቺፍ ደወልኩ፤ ለሱም መዋሸት አልችልምና። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሰባት ሰዎች በሚኒባስ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ሳንባ በሚያደርቅ ብርድ ካናሉ ዳር ደረሱ። ጀልባ የለም። ጭቃው ውስጥ የገመድ ችካሎቹ የተነቀሉባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ካምደን ናቸው የሚል ወሬ ሰምተው ሄዱ። እማማ ጥሩወርቅ አንዱን ባለጀልባ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ዘ ብላክ ማን ዊዝ ዘ ዋይት ቦት?» ብለው ጠየቁት። ትናንት ሄደ፣ እሱ ሰውዬ አይቆምም፣ አላቸው። «የኛ ሰው የሚሸሸው ፖሊስ ነበር፤ መርዶ የሚሸሽ ደግሞ ዛሬ አየሁ» አሉኝ በስልክ። አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም በዋዜማው ተነስ ብዬ የደወልኩለት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ስናገር ቀልድ ይመስላል፤ በጊዜው ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። ቺፍም መልኩ ተለወጠ። በሦስት ቀን፣ በሁለት ቀን ይነሳል። ገመዱ ላይ አራተኛ ቋጠሮ አይታይም። ከካምደን ወደ ፓዲንግተን፣ ከፓዲንግተን ተመልሶ በረጅሙ ዋሻ አልፎ ወደ ምሥራቅ። አንድ እሁድ አብሬያቸው ተጓዝኩ። ወይንሸት ጋቢ ተከናንባ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ቺፍ መሪውን ይዞ ወደ ኋላ እየዞረ ዳርቻውን ያያል።

«ይሄን ሰውዬ ምን ነካው?» አለችኝ። «ሞተሩን እንኳን አያሳርፈውም። ስንቆም ይነሳል፣ ስንነሳ ይቸኩላል።»

«I'm late every single day» አለች ናርዶስ ከውስጥ። «ቲቸሬ where do you actually live አለችኝ።»

«ምን አልሻት?» አላት ቺፍ።

«It depends አልኳት።»

ወይንሸት እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ተነስታ አንድ ከረጢት አመጣችልኝ፤ ውስጡ በበግ ጠጉር የተደፈነ ወፍራም የቤት ጫማ ነበር። «ወደ አገር የሚሄድ ሰው አውቃለሁ ብለህ የለ? የገና በዓል ሳይደርስ ለእማዬ ላክልኝ። ጸበሉ ቦታ ብርድ ነው፤ እግሯን ያሞቅላታል» አለችኝ። ጫማውን ተቀበልኩ። ቺፍን አየሁት፤ ቺፍ ውሃውን ያያል። ዋሻው ውስጥ ገባን፤ ጨለማ ስለነበር ፊቴን የሚያይ አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ስንወጣና ስንቆም ቺፍን ወደ ዳር ጎትቼ «በቃኝ» አልኩት። «የሞተች ሴት ጫማ ይዤ አልዞርም። እሷ እኮ በየቀኑ እየሳቀች ነው፤ ነገ ስታውቅ ያን ሳቅ ሁሉ ታፍርበታለች። ይህን አስበኸዋል?»

«ታፍር። ልጇን አቅፋ ትፈር።»

«አንተስ? አንተ ከዚህ በኋላ ፊቷን ታያለህ?»

«እኔን ትጥላኝ!» ብሎ ጮኸ። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ዝግ ብሎ «ሁለት ወር ብቻ ነው ዳዊት። ሁለት ወር ጀልባ መንዳት ሰውን ምን ያቅተዋል? ከዚህ ወደ ሊ ወንዝ እገባለሁ፤ በወንዙ ሽቅብ ከከተማ እወጣለሁ። እዚያ ሐበሻ የለም» አለኝ። ተለያየን፤ ሳንጨባበጥ ነው የተለያየነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሊ ወንዝ ሳይደርስ፣ ሃክኒ ላይ፣ ብርዱ ያዘው። ያን ዓመት የካናሉ ውሃ በረዶ ሆኖ ጠጠረ። መጀመሪያ እንደ ፌስታል ስስ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ዳክዬዎች ቆመውበት አየሁ። የጀልባዋ ቅርፊት ቀጭን ስለሆነ በረዶውን እየሰበረች መሄድ አትችልም፤ ራሷ ትሰነጠቃለች። ከሥራ ወጥቼ ስሄድ ቺፍ ጠርዙ ላይ ቆሞ በረጅም እንጨት በረዶውን ሲወግር ደረስኩ። ከጀልባዋ ፊት ሁለት ሜትር ያህል ከፍቷል፤ ከኋላው ደግሞ እየጠጠረ ይዘጋበታል። መዳፉ ደምቷል። «ነገ ይቀልጣል» አለኝ፣ ሰላም ሳይለኝ። ወይንሸት በመስኮቱ ብቅ ብላ «ተወው በለው! ለምን እንደሚቸኩል እንኳን አይነግረኝም» አለችኝ። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው እሷን ሊያድን ብሎ እሷን እያስጨነቃት ነው፤ ሊያስቀርላት ያሰበውን ጭንቀት ራሱ በየቀኑ እያጎረሳት ነው።

ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ስሄድ ለእማማ ጥሩወርቅ ደወልኩ። «ከቪክቶሪያ ፓርኩ በታች፣ ከሎኩ አጠገብ ናቸው» አልኳቸው።

«ነገስ ይኖራሉ?»

«ይኖራሉ። ውሃው ይዟቸዋል።»

ለቺፍ አልደወልኩለትም። አርባው ሊወጣ ሦስት ቀን ይቀረው ነበር።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል እማማ ጥሩወርቅ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሦስት ሴቶችና እኔ ካናሉ ዳር ተሰለፍን። ወይንሸት ጥቁሩን ከሩቅ እንዳታይ ሁላችንም ኮት ደርበንበታል። መንገዱ ያዳልጣል፤ እማማን በክንዳቸው ይዣለሁ። ቺፍ ያን እንጨት ይዞ ጀልባዋ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ሁላችንንም አየ። ቀጥሎ እኔን ለይቶ አየኝ።

«አንተም?» አለኝ። ሌላ አልተናገረኝም። ዛሬም ድረስ ያቺ ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ከጀልባዋ ወርዶ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። «እንደምን አደሩ እማማ። ተኝታለች። ዛሬ አይሆንም።»

«እስክትነቃ እንጠብቃለን ልጄ።»

«በማርያም ይዤዎታለሁ። ሁለት ወር ይስጡኝ። ሁለት ወር! ከዚያ እዚህ ድረስ ተንበርክኬ መጥቼ እወስድዎታለሁ። አንዱን ልጃችንን በኔ አፍ ነው ያጣነው፤ ሁለተኛውን አይውሰዱብኝ።»

እማማ ጥሩወርቅ፣ ያን ሁሉ ሳምንት ሲያሳድዱት የኖሩት ሴት፣ ቀና ብለው አዩት፤ የደማ መዳፉን አዩ። ከዚያ ወደኛ ዞር ብለው በሹክሹክታ «እንመለስ። ይቅር፣ እንመለስ» አሉ። ሽማግሌዎቹ መዞር ጀምረው ነበር።

የጀልባዋ በር ተከፈተ። ወይንሸት ጋቢዋን ይዛ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ ብቅ አለች።

«እማማ! በዚህ ሰዓት ምን እግር ጣላችሁ?»

«እንዲያው...» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። «ጀልባችሁን ሳናይ ኖርን ብለን ነው።»

የትኛው ሐበሻ ነው ሊነጋጋ ሲል፣ በረዶ ረግጦ፣ ሰባት ሆኖ ጀልባ ለማየት የሚመጣ? ወይንሸት አንድ በአንድ አየችን። እኔ ጋ ስትደርስ ጫማዬን አየሁ። ከአንዷ ሴት ኮት ስር የጥቁሩ ነጠላ ጫፍ ወጥቶ ነበር።

«እማዬ ናት» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ሴቶቹ ጩኸታቸውን ሊለቁት ሲሉ እጇን አነሳች። «ቆዩ። አታልቅሱ። ማንም እንዳይነግረኝ።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። በስሙ ስትጠራው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «መብራህቱ፣ አንተ ታውቅ ነበር።»

ዓይኑን ወደ በረዶው መለሰ።

«ለዚህ ነው ስታስሮጠን የከረምከው።»

አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ና ግባ። አንተ ትነግረኛለህ።»

«አልችልም ወይኔ። ሌላ ሰው ይንገርሽ። እኔ የነገርኩሽ ጊዜ ምን እንደሆነ...»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ካንተ የምሰማው። በዚያ ልጅ ያማሁህ ቀን የለም፤ አንተ ግን ይኸው አላመንከኝም። ግባ።»

ገባ። በሩን ከኋላው ዘጋችው። እኛ መንገዱ ላይ ቀረን።

ሕፃኗ በየካቲት፣ በቀኗ፣ በሰላም ተወለደች። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ቺፍን ስላየሁ ነው፤ ሰውን በማያውቀው ነገር ማስጨነቅ አልወድም። ያን ጠዋት ግን ይህን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው ደግሞ እዚያ ውስጥ የገባው ሰውዬ ነው።

ቆምን። እግራችን ደነዘዘ። እማማ ጥሩወርቅ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። ከውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። አንደኛው ሽማግሌ «ምነው ዝም አሉ?» ሲሉ እማማ በክርናቸው ገጨት አደረጓቸው። ከዚያ ድምፅ መጣ። የሴት ለቅሶ ስንጠብቅ የመጣው የወንድ ነበር፤ አፉን በመዳፉ ይዞ እንኳን ሊያፍነው ያልቻለ፣ ከሆድ የሚወጣ የትልቅ ሰው ለቅሶ። «እማዬን... እማዬን...» ይላል። የሷ ድምፅ ከሱ በታች ቀስ ብሎ ይሰማል፤ «አይዞህ፣ ጨርሰው፣ ጨርሰህ ንገረኝ» ትለዋለች። እኔ ዞር ብዬ በረዶውን አየሁ።

በሩ ሲከፈት ነግቷል። ወይንሸት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች። ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ቆማ ግን ነበር፣ ማንም አልደገፋትም። እማማ ጥሩወርቅ እጃቸውን ዘርግተው ወደሷ ሄዱ።

«ነግሮኛል» አለች። «አሁን ግቡና እናቴን አልቅሱልኝ። እሱንም ያዙልኝ፤ አንድ ወር ሙሉ ብቻውን ነው ያለቀሰላት።»